በሳፋ የበቀለው ሳንቺ

የእትዬ ጉ ልጅ ጤና ጣቢያችን ገብቶ ስልኩን ፊቴ ላይ ሲደቅን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም፤ የገባበት ጫማ ወለሉን በጭቃ አበላሸው። እኔ ከመሳቢያዎቹ ፊት ቆሜ የአንዲት ሴትዮ መድኃኒት እመዝን ነበር።

«ይቺ ናት!» አለ፤ የሚያናግረው ስልኩን እንጂ እኔን አልነበረም። «እናቴን የመረዘው እጅ ይሄ ነው። በደንብ እዩት!»

ሞ ሩዪንግ እባላለሁ። በሹዋንግሄ ጤና ጣቢያ፣ በዕፅ መድኃኒት ክፍል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪሟ የጻፈችውን አነባለሁ፣ ከሦስት መቶ ምናምን መሳቢያ ውስጥ ትክክለኛውን እከፍታለሁ፣ መዝኜ በወረቀት ጠቅልዬ እሰጣለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሰው እጄን ሲያመሰግን እንጂ ሲረግም ሰምቼ አላውቅም። ሚዛኑ አመለጠኝና ወለሉ ላይ ተንኳኳ።

ዶክተር ሩዋን ከምርመራ ክፍሏ ወጣች። «ሃን ቦ፣ እናትህ ምን ሆኑ?»

«ምን ሆኑ ትላለች እንዴ! ሆዷ የዘጠኝ ወር እርጉዝ መስሏል፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ የጻፈውን ላንብብልሽ?» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «‹በዕፅ መድኃኒት ሳቢያ የደረሰ የጉበት ጉዳት ይጠረጠራል።› አሥር ጥቅል ከዚህ ወስዳለች፤ ከሌላ ቦታ ምንም አልወሰደችም። እስቲ መልሺ! መርዘሻታል አልመረዝሻትም?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይክድ ነበር። እኔ ብሆን እጮህ ነበር። ሩዋን ግን ስልኩን ቀና ብላ አየችውና «አላውቅም» አለች። «ከእኛ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። እስክናውቅ ድረስ ከእነዚህ መሳቢያዎች አንድ ቅጠል አይወጣም።»

ሃን ቦ ወጥቶ ሲሄድ፣ መድኃኒቷን ትጠብቅ የነበረችው ሴትዮም ጃንጥላዋን አንስታ ተከተለችው።

ሩዋንን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ነገሯ ሁሉ እንዲህ ነበር። ከእሷ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ሐኪም ሦስት ጣታቸውን እጅህ ላይ አሳርፈው ትናንት ምን እንደበላህ ይነግሩህ ነበር፤ ልክ ባይሆንም እንኳ ልክ እንደሆነ ይሰማህ ነበር። እሷም የደም ሥር ትዳስሳለች፣ ምላስ ታያለች። ከዚያ ግን «የደም ምርመራ ውጤት አለዎት?» ትላለች። «ይሄን አልለየሁትም፣ ከተማ ሄደው ይታዩ» ትላለች። ሰው ያጉረመርማል። እውነት ለመናገር እኔም አጉረመርም ነበር። ሐኪም የማያውቅ ከሆነ ማን ሊያውቅ ነው?

በሩን ዘግቼ ተመለስኩባት። «ዶክተር፣ ምን ነካሽ? ካሜራ ፊት ቆሞ አላውቅም ይባላል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ?»

«እጄን አውቃለሁ!»

«እኔም እጅሽን አምናለሁ፣ እትዬ ሞ። ግን ማመናችን ለእትዬ ጉ ጉበት ምን ይሠራላታል?» አለችና የማዘዣ ወረቀቶቹን መዝገብ ጎትታ ከፈተች።

እትዬ ጉ የመጣችው በሚያዝያ መጨረሻ ነበር፤ ከደረጃ ወድቃ ጉልበቷ አብጦባት። ዘጠኝ ዓይነት ዕፅ ታዞላታል። ዘጠኙንም መሳቢያ ከፈትኩ። አሸተትኩ፣ ቀመስኩ፣ በመዳፌ ላይ ዘርግቼ በብርሃን አየሁ። ሁሉም እንደ ስማቸው ነበሩ። ግን ያ ዛሬ ነው። ያን ቀን አርባ ሰው አስተናግጃለሁ፤ የእሷን ጥቅል የመዘንኩባትን ደቂቃ ላስታውስ ብሞክር ባዶ ሆነብኝ። ስትስቅ ትዝ ይለኛል፤ እጄ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደነበር አይታየኝም። ከታችኛው ረድፍ ይልቅ የላይኛውን ስቤ ቢሆንስ? እኔ የማላውቃት ሌላ ሴትዮ በእጄ እየሠራች የኖረች መሰለኝ።

ከዘጠኙ ዕፅ ከእያንዳንዱ ናሙና ወስደን አሽገን ወደ ከተማው ላቦራቶሪ ላክን። መሳቢያዎቹን በሙሉ በማሸጊያ ፕላስተር ዘጋናቸው።

ቪዲዮው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሹዋንግሄን አዳርሶ ነበር። «አላውቅም» የምትለዋን ብቻ ቆርጠው ደጋግመው አሳዩዋት። ቶፉ፣ ማለትም የአኩሪ አተር አይብ፣ የሚሸጠው ላኦ ቢ በየቀኑ «ሞ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሽሪ ነው?» ሳይለኝ አያልፍም ነበር፤ በማግስቱ ሳልፍ አንገቱን ቶፉው ላይ ደፋ። ምራቴ ደውላ ባለፈው ዓመት ለልጇ የሰጠሁትን የሳል መድኃኒት ስም ጠየቀችኝ። «ዝም ብዬ ነው» አለች። ዝም ብላ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በሦስተኛው ቀን ሩዋን «ከተማ እንሂድ» አለች። አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ አልነበረም፤ ሰው ቆሞ ሄደ።

ሃን ቦ የሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ ቆሞ ነበር። ሲያየን ክንዱን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋ። «እዚህ ድረስ ደግሞ ምን ልትሠሩ?»

ከውስጥ የእትዬ ጉ ድምፅ መጣ። «ማነው?»

«ማንም አይደለም፣ እማዬ።»

«ማንም ያልሆነ ሰው ላይ እንዲህ አትጮህም። ሩዋን ናት? አስገባት! ከዚህ ሁሉ ነጭ ጋውን ለባሽ ውስጥ አላውቅም ስትል የሰማኋት እሷን ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ አውቀው አውቀው ሆዴ ይኸው እያበጠ ነው።»

ገባን። የሎሚ ልጣጭ መስላለች። ክንዷ ሟሙቶ ሆዷ ብርድ ልብሱን ወጥሮታል። ቢሆንም አፏ አልከሳም። «ሞ፣ እይኝማ» አለችኝ። «በስልሳ ሁለት ዓመቴ አረገዝኩ። አባቱ ማን እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ።» ልስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሩዋን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ ጉ፣ መድኃኒቱን ለጊዜው ይተዉት። ከወደቁበት ቀን ጀምሮ፣ ጠዋት ተነስተው እስኪተኙ ድረስ አፍዎ የገባውን ሁሉ ይንገሩኝ። ውኃም ቢሆን።»

«ምን አዲስ ነገር አለ? ጠዋት የሩዝ አጥሚት በጨው ከተቀመጠ ጎመን ጋር። ምሳ ያገኘሁትን፤ ዓሣ ከተገኘ ዓሣ። ማታ ሩዝ። ከዚያ ለእግሬ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ አረቄ፤ እተኛለሁ።»

«አረቄው ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም። የመምህር ፔንግ ሳንቺ ነዋ።»

ሩዋን ዞር ብላ አየችኝ። ሃን ቦ ከበሩ ወደ አልጋው መጣ። «እማዬ! ሐኪሙ ምን ወሰድሽ ሲልሽ ለምን አልነገርሽውም?»

«የጠየቀኝ መድኃኒት ነው! ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ? የጎረቤት ስጦታ ነው። ቅጠሉንም ከእንቁላል ጋር ጠብሼ እበላዋለሁ፣ ይጣፍጣል። የወደቅኩ ዕለት ነው ያመጡልኝ፤ እናንተ ጋ ከመምጣቴ በፊት።»

ሳንቺን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በሹዋንግሄ የለም። በሰባተኛው ረድፍ ነው ያለው፤ ለተመታና ለቆሰለ ሰው የሚታዘዝ፣ ከደቡብ ተራራዎች የሚመጣ፣ በጥላ ሥር ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚቆፈር፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሥር። በመዶሻ ነው የምንሰብረው። እኛ ረግረጋማ ሜዳ ላይ በምንም ተአምር አይበቅልም። ቅጠሉን ከእንቁላል ጋር የሚጠብስ ሰውም ሰምቼ አላውቅም።

«እትዬ ሞ፣ አሁኑኑ ተመለሺ» አለች ሩዋን። «አንድ ተክል ከነሥሩ ከነቅጠሉ ነቅለሽ አምጪልኝ። ፎቶ አይበቃም።»

«እኔ አደርሳታለሁ» አለ ሃን ቦ።

በጭነት መኪናው ግማሹን መንገድ ሄድን። ከዚያ «እትዬ ሞ፣ ተሳስቼ ከሆነ...» ብሎ ጀመረ።

«መጀመሪያ መንገዱን እይ» አልኩት። «ስለ ስህተት በኋላ እናወራለን፤ ማን እንደተሳሳተ ገና አልታወቀም።»

መምህር ፔንግ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። የሹዋንግሄን ግማሽ ሕዝብ ማንበብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ጭምር። ከዓመታት በፊት ጣሪያ ሲጠግኑ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሮ፣ ወዳጃቸው ይሄንን ተክል ሰጥቷቸው እንደዳኑ ሲናገሩ ያልሰማ የለም። ከዚያ ወዲህ በግቢያቸው ውስጥ በአሮጌ የፊት መታጠቢያ ሳፋዎች ያበቅሉታል፤ የወደቀ፣ የተመታ፣ የቆሰለ ሰው ከሰሙ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ይሄዳሉ። አምስት ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። እኔ ግን ተክሉ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ሄጄ አይቼው አላውቅም።

«ሞ ሩዪንግ!» አሉ በሩን ሲከፍቱ፤ ፊታቸው በራ። «አንድ ትፈልጊያለሽ? ሁለት ልቆፍርልሽ። ለዶክተሯም ውሰጂላት፤ ሰሞኑን ሰው እያስቸገራት ነው አሉ።»

በጉልበታቸው ተንበርክከው በዚያ ዝናብ ጭቃውን በጣታቸው ፈልቅቀው ነቀሉልኝ። ቅጠሉን ገለበጥኩት። ጀርባው ወይን ጠጅ ቀለም ነው። ጠርዙ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል። ሥሩ እንደ ድንች ለስላሳ፤ ጥፍሬ ገባበት።

«መምህር» አልኩ። «ይሄ ሳንቺ አይደለም።»

ሳቁ። «አንቺ ልጅ! ይሄን ሁሉ ዓመት ሳንቺ ስለው የኖርኩትን?»

«ልጅ ሆኜ ሁለት የሚመሳሰሉ ፊደላትን ሳምታታ መዳፌን በማስመሪያ ይመቱኝ ነበር። ‹አንዲት ሰረዝ ናት የምትለያቸው፣ ግን አንዱ ሌላው አይደለም› ይሉኝ ነበር። ይሄም እንደዚያ ነው። ሰው ‹የሜዳ ሳንቺ› ይለዋል። ስሙን ከእውነተኛው ወስዶ ነው እንጂ ዘመዱ አይደለም። ጉበት ያበላሻል። እትዬ ጉ ከተማ ተኝታ ሆዷ አብጧል።»

«እኔም እጠጣለሁ እኮ!»

«በየቀኑ?»

ለበዓል አንዲት ጉንጭ እንደሚቀምሱ፣ የቀረውን ሁሉ እንደሚሰጡ አውቃለሁ። እሳቸውን ያዳናቸው ይሄው ሰጪነታቸው ነው። ሃን ቦን ከኋላዬ አዩት። ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ጉ ላንዢ ትሞታለች?»

«አላውቅም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ለመናገር ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ። «ለስንት ሰው ሰጥተዋል?»

«ያልሰጠሁትን ብትጠይቂኝ ይቀላል» አሉ።

ተክሉን ይዘን ከተማ ስንመለስ ያገኘነው የጉበት ሐኪም ዶክተር ሼ ይባላል፤ ወጣት፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያለው። ተክሉን ከላስቲክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ጭቃው ወረቀቱን አበሰበሰው። ደጋግሞ አገላበጠው። «ከዚህ በፊት እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አይቻለሁ» አለ። «ሁለቱም ዘግይተው ነው የመጡት። ይሄ ነገር በጉበት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደፍናል። ‹ዕፅ› ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ፤ የትኛው ዕፅ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ተክሉን ባታመጡልኝ ሌላ ሳምንት እናባክን ነበር።» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕክምናዋን ለወጠው፤ የተደፈነውን የሚከፍት፣ ደሙን የሚያቀጥን መርፌ ጀመሩላት።

እንደምትድን ግን ማንም አልማለልንም። ሩዋን ሹዋንግሄ ተመልሳ አልተኛችም፤ ያ ተክል የተዘፈዘፈበትን አረቄ ቤት ለቤት ሄደን እንሰብስብ አለች። ሄድን። እንዴት እንደተቀበሉን ልንገራችሁ? «የራሳችሁን ጥፋት በሽማግሌ ልታላክኩ!» እያሉ በር ዘጉብን። አንዲቱማ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አቅፋ «መምህር ፔንግን ለአርባ ዓመት አምኛቸዋለሁ፤ አንቺን ማን ያውቅሻል?» አለቻት። እስከ ምሽት ድረስ የሰበሰብነው ሦስት ጠርሙስ ብቻ ነበር። ሩዋን ጠርሙሶቹን እየቆጠረች «እውነቷን ነው፤ ለምን ታምነኛለች?» አለች። ያን ጊዜ ነው ድምጿ ሲሰበር የሰማሁት።

በማግስቱ ጠዋት መምህር ፔንግ ማስተማሪያ ኮታቸውን ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቀበሌው ቢሮ ገቡ። እኔና ሩዋን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ልናስቀምጥ እዚያው ነበርን። ድምፅ ማጉያው ላይ የምትሠራዋ ልጅ «አያቴ፣ ማስታወቂያ ከሆነ ይጻፉልኝና እኔ ላንብበው» አለቻቸው።

«የራሴን ስህተት ሌላ ሰው አያነብልኝም» አሉና ማይክራፎኑን ተቀበሏት።

በየምሰሶው ላይ ካሉት ማጉያዎች ድምፃቸው ከዝናቡ በላይ ወጣ።

«እኔ ፔንግ ሹሊን ነኝ። የብዙዎቻችሁን ደብተር በቀይ ቀለም አርሜያለሁ። ዛሬ የራሴን ላርም ነው። በሳፋ አብቅዬ የሰጠኋችሁ ሳንቺ፣ ሳንቺ አይደለም። ጉበት ይገድላል። ጉ ላንዢን በእሱ ነው የጣልኳት። ዶክተር ሩዋን እውነቷን ነው፤ ሞ ሩዪንግም እውነቷን ነው። ለእኔ አዝናችሁ ጠርሙሱን እንዳትደብቁ። ለእኔ የሚያዝን ሰው አንዲት ጉንጭ ከጠጣ እኔን በቁሜ ይቀብረኛል። አውጡት! አሁን ስም እጠራለሁ፤ የተጠራ ሰው ጠርሙሱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይምጣ።»

ከዚያ እንደ ክፍል ውስጥ ስም ጠሩ። ያለ ወረቀት፣ በቃላቸው። የሰጡትን ሰው ሁሉ፣ ከነሰፈሩ፣ ምን ታሞ እንደሰጡት ጭምር። ከጉ ላንዢ ጋር ስልሳ አራት ስም። ሲጨርሱ ድምፃቸው ሻክሮ አይሰማም ነበር፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ወደ ጤና ጣቢያው ስንሮጥ በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ ጠበቀን። ጠርሙስ፣ ገንቦ፣ የኮምጣጤ ጣሳ፣ አንዱ እንዲያውም በሕፃን ጡጦ አምጥቶታል። ያቺ በር የዘጋችብን ሴትዮ ከፊት ቆማለች። ጠርሙሷን ለሩዋን ስትሰጣት ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «ተጠራሁ» አለች፤ ልክ እንደ ተማሪ። ሃን ቦ ሁሉንም በመኪናው ጭኖ አስወገደው። መምህር ፔንግ ሳፋዎቻቸውን በገዛ እጃቸው ገለበጡ።

ሩዋን የቀሩትን ስልሳ ሦስቱንም ለደም ምርመራ ላከች። ሦስት ሰው ላይ ጉበታቸው መጎዳት ጀምሮ ተገኘ፤ አንዱ ላኦ ቢ ነበር፣ ለወገቡ በየማታው የሚጠጣው። በጊዜ ስላቆሙ ሦስቱም ዳኑ። ላኦ ቢ አንድ ሙሉ ሰሌዳ ቶፉ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ሞ፣ ዛሬስ ማንን ልታሽሪ ነው?» አለ። «አንተን» አልኩት። ቶፉውን ለመላው ሠራተኛ አከፋፈልኩት።

የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ስምንቱ ዕፅ ንጹሕ፤ ዘጠነኛው ጉበት ባይነካም እርጥበት አግኝቶት መሻገት ጀምሯል። ሩዋን ሁለቱንም በትልቅ ወረቀት ጽፋ በሩ ላይ ልትለጥፍ ስትል እጇን ያዝኩ። «ዶክተር፣ ገና አሁን ስማችን መለስ ሲል! ሻጋታዋን ዝም ብለን ብንጥላትስ?»

«እንጥላታለን። ግን እንደጣልናትም እንጽፋለን።»

ለጠፈችው። ሃን ቦ ከወረቀቱ ፊት ቆሞ ሻጋታውን ሳይዘል በስልኩ እየቀረጸ አነበበው። በመጨረሻ «እነዚህን ሁለት ሴቶች የሰደብኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ» አለ። ያኛው ቪዲዮ የደረሰበት ሁሉ ይሄኛውም ደረሰ። አንዳንዱ ሰው ግን አሁንም አውቶቡስ ላይ ከሩዋን ራቅ ብሎ ይቆማል፤ እሱን ምንም ማድረግ አይቻልም።

እትዬ ጉ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተሻላት። ሆዷ ወረደ፣ ዓይኗ ጠራ። የምትመለስ ዕለት ፀሐይ ነበር፤ ዝናቡ ከቆመ ቆይቷል። ርችት በወረዳችን ስለተከለከለ ሰፈሩ ሁለት መቶ ቀይ ፊኛ ነፍቶ አስፋልቱ ላይ ዘርግቶ ጠበቃት። የልጇ መኪና ብቅ ሲል አዋቂ ከሕፃን ሳይለይ ሁሉም ፊኛ እየረገጠ ያፈነዳ ጀመር። ጆሮ የሚያደነቁር ነበር።

እትዬ ጉ መስኮቱን ከፈተች። «ማን ሞቶ ነው?» ብላ ጮኸች። ሰፈሩ በሳቅ አበደ።

ቀጭን ሆና፣ ልጇን ተደግፋ ወረደች። ሃን ቦ ከመኪናው ሁለት ቀይ የሐር ሰንደቅ አወጣ፤ በእኛ ዘንድ ለሐኪም ምስጋና የሚሰጥ ነው፤ ጠርዛቸው ወርቃማ ነው። አንደኛው የሩዋን ነበር። ሩዋን ፊቷ ከሐሩ በላይ ቀላ።

«ሁለተኛው የማነው?» አለ ሰው።

እትዬ ጉ ዙሪያዋን ፈለገች። መምህር ፔንግ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ከቤት ሲወጡ ያያቸው ሰው የለም፤ ሩዋን ናት ክንዳቸውን ይዛ ያመጣቻቸው። እትዬ ጉ በዚያ አቅሟ እየተንገዳገደች ሄደችባቸው። ሰው መንገድ ከፈተላት። ፊኛው ጸጥ አለ።

«መምህር፣ ይቀበሉኝ።»

«አንቺን እኮ መርዤሻለሁ!» አሉ እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀው።

«አዎ፣ መርዘውኛል። ከዚያ ስልሳ ሦስት ሰው አድነዋል። እኔ ቁጥር አይጠፋኝም፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ይቀበላሉ ወይስ አንገትዎ ላይ ልጠምጥመው? ቆሜ መቆየት አልችልም፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው!»

መምህር ፔንግ እጃቸውን ከኋላቸው አወጡ። ሐሩን በጣቶቻቸው ሲቀበሉ፣ እሷ በእነዚያው ጣቶች ተደግፋ ቆመች። ሁለቱም ቆሙ። ላኦ ቢ የቀረችውን ትልቋን ፊኛ በሁለት እግሩ ዘሎ አፈነዳት፤ ሹዋንግሄ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እልል አለ።